ድልድዩን የሚሻገር ሙሽራ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ሩሽዲ ዛሬ ጠዋት የድንበሩን ድልድይ ተሻግሮ ወደ አማን ሄደ። ለጥርሱ ነው ብሏል። ሻንጣው ውስጥ ሦስት የሱፍ ካናቴራ ሲከት ግን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አማን ደግሞ በዚህ ወር ሰው በሸሚዝ ነው የሚውለው። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ተጠቅልሎ የሚቆመው የጉድጓዶች ካርታም የለም። ባሌ የውሃ መሐንዲስ ነው፤ በዚህ ተራራ የተቆፈረውን ጉድጓድ ሁሉ ጥልቀቱን በቃሉ ያውቀዋል። የጥርስ ሐኪም ግን ካርታ አይጠይቅም።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ሰው ባል ለመጽሔት ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ምራት ከአማቷ ማድቤት እንደለየች ከራማላህ እስከ ኢየሩሳሌም ቀድሞ የሚሰማው የእኔ ጆሮ ነው። በር ላይ ጥያቄው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። እሱ ቀደመኝ።

"ሱሄይላ፣ ካልጠየቅሽኝ አልዋሽሽም።"

አልጠየቅኩም። ውድ አንባቢዎቼ፣ ይህችን ቀን መዝግቡልኝ። አንባቢ እንደሌለኝ ረሳሁ፤ ይህ ደብተር የሚያድረው የሩዝ ጆንያ ውስጥ ነው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 9

ስልኩ ሁለቴ ጮኸ። ሳነሳው ተዘጋ።

ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ነጭ መኪና ቆሟል። ሾፌሩ ጋዜጣ ያነባል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ገጽ አልገለጠም። ከወታደሮቹ ወገን ነው ወይስ ከእኛዎቹ ታጣቂዎች? የትኛውን አብልጬ እንደምፈራ ራሴን ጠየቅኩ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 14

መጣ። ደህና ነው፤ ከስቷል።

አማቴ ኡም ሩሽዲ ከምድር ቤት እያቃሰቱ ወጡና ገና ኮቱን ሳያወልቅ "አፍህን ክፈት" አሉት። የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ከፈተ።

"የቱ ነው የታከመው?"

"ያው… የኋለኛው።"

"ይሄ? ይሄማ የዛሬ አርባ አምስት ዓመት እንደበቀለ ነው።"

"አጽድተውልኝ ነው እማ።"

"ለማጽዳት ስምንት ቀን? አፍህ ምንድን ነው፣ የከብት በረት ነው?"

ሳቅኩ። ወዲያው ግን አሰብኩ፤ እናት ያላመነችውን ማን ያምናል?

ሻንጣው ውስጥ አንድ ጠርሙስ ቀይ ማርማላታ አገኘሁ፤ የጫካ ፍሬ ነው፤ ጽሑፉ የማላውቀው ቋንቋ። ወረቀቱን በሙቅ ውሃ ላጥኩትና አቃጠልኩት። ለእኔ ብሎ ነው ያመጣው። ጣፋጭ እንደምወድ ያውቃል። ሞኝ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 15

ሰገነቱ ላይ፣ በውሃ በርሜሎቹ መሀል ቆመን ነገረኝ። ሰሞኑን ግድግዳ አያምንም።

"እኛ ሦስት ነን፣ እነሱም ሦስት" አለ። "የምታስተናግደን ሩቅ አገር ዳቦና ዓሣ እያቀረበች ዝም ብላ ትሰማለች።"

"ስለ ምን ታወራላችሁ?"

"ስለ ውሃ።"

"ስለ እስረኞቹስ? ስለ መሬቱስ?"

"እሱን የሚያወራ ሌላ ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ የማውቀው ውሃ ነው። ስምንቱን ቀን በአንድ ጉድጓድ ላይ ስንከራከር አሳለፍን።"

ከእነሱ በኩል አስም ያለበት ጡረተኛ ፕሮፌሰር አለ፤ ኤልካና ይባላል። እሱም ለሚስቱ የወገብ ሕክምና ላይ ነኝ ብሏታል። ሁለት ሕዝብ ሲዋጋ ኖሮ ውሸቱ እንኳ አንድ ዓይነት፤ ሁለቱም በሐኪም ያሳብባሉ። የእነሱ ሕግ እንዲህ ያለውን መገናኘት ይከለክላል።

"ቢደረስበት ፍርድ ቤት ያቆሙታል" አለ ሩሽዲ።

"አንተስ ቢደረስብህ?"

የበርሜሉን ክዳን ከፍቶ ውሃው ስንት እንደቀረ አየ። "እኛ ጋ ፍርድ ቤት የለም" አለ።

ገና ሁለት ጊዜ ይሄዳሉ። በኖቬምበር መጨረሻ አንዲት ገጽ ይፈርማሉ፤ ገጿ ወደ ትልልቆቹ ትሄዳለች። አንዲት ገጽ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 17

ታች ገበያ ካለው ሐኪም ዘንድ ሄዶ ደህናውን የመንጋጋ ጥርሱን አስነቀለ። ጉንጩ አብጦ መጣ። አማቴ አይተው "አሁን ገና ሐኪም አገኘህ" አሉት፤ ደስ ብሏቸው ሾርባ ሠሩለት።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 20

ጽሑፌ ነገ በታክሲ ኢየሩሳሌም መድረስ አለበት። የምጽፈው ጠፋኝ። ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፣ እሱ ደግሞ አይጻፍም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ፦ ጻፍኩት። ጥርሱን ሊታከም ሄዶ ማርማላታ ይዞ ስለተመለሰ "የጎረቤቴ ባል"። ስም የለው፣ ሰፈር የለው። እናትየዋ አፍ ሲያስከፍቱ ያለውን ሳነበው ራሴን አሳቀኝ። ማን ያውቃል? ማንም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 24

ከወንድሜ ከጀዋድ ጋር ወይራ ስንለቅም ዋልን። ሬዲዮው ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሏል። ዜናው ስለ ድርድር፣ ስለ ልዑካን ሲያወራ ጀዋድ ዘንጉን መሬት ላይ ወረወረው።

"የሳሚህን ደም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ዋጋ ይነጋገሩበት። ከእነሱ ጋር ለምሳ የሚቀመጥ ሰው ወንድሜም ቢሆን ደጄን አይርገጥ።"

ሳሚህ ልጁ ነው። በአመጹ የመጀመሪያ ክረምት፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነው ወታደሮች ተኩሰው የገደሉት።

ሩሽዲ መሰላሉ ላይ ነበር። መልቀሙን አላቋረጠም። ከዚያች ቅርንጫፍ ላይ ግን ወይራው ካለቀ ቆይቷል።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 31

መጽሔቱ ወጣ። የሂያም ፀጉር ቤት ጢም ብሎ ሁሉም ይዘውታል።

"ሱሄይላዬ፣ ገደልሽን እኮ" አለች ሂያም መቀሱን እያንጫጫች። "ማን ናት? ለእኔ ብቻ በጆሮዬ።"

"የለችም፤ ፈጠራ ነው።"

"አንቺ? አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው የምትፈጥሪው?"

ከማድረቂያው ሥር የተቀመጠች አንዲት ሴት ጮክ ብላ፣ "ማርማላታ የሚገዛ ወንድ ሚስት አለው" አለች። "ሌላ ማለቴ ነው።"

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ ቆጠራ ጀመሩ፤ በዚህ ወር ድልድዩን የተሻገረ ማን ማን ነው? የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት። የዳኛው ወንድም። በጣታቸው ነው የሚቆጥሩት። በጣታቸው። እጄን ከመጎናጸፊያው ሥር ደበቅኩት።

ነገ ሩሽዲ ደግሞ ይሄዳል። ምላሴን መቁረጥ ነበር። ምላሴን።

እሑድ፣ ኖቬምበር 8

ትናንት ተመለሰ። ሁለተኛው ዙር ደህና ነበር ብሏል። ፕሮፌሰሩ በሳል ሲታፈን ሩሽዲ ደረጃውን ደግፎ አውርዶታል። "አንድ ቃል አልተነጋገርንም፤ ሰውየው ይከብዳል" አለኝ።

ዛሬ ፀጉር ቤት ስገባ ወሬው ቆመ። ሂያም ዓይኔን ሳታይ "ነይ፣ ሽበትሽን ላጥፋልሽ፤ ዛሬ ከእኔ ነው" አለች። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። "ወንድ ልጅ ፈልጎ ነው እህቴ። አንቺ ምን ጎደለሽ? ሁሉም እንደዚያው ናቸው።"

ገባኝ። ቆጠራው እኛ ቤት ደርሷል፤ የደረሰው ግን በተሳሳተው መንገድ ነው። እንደ ወሬው ሩሽዲ አማን ሚስት አግብቷል። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ አስተማሪ ናት፣ የኢርቢድ ልጅ። ያያት ሰው እንኳ አለ።

"ውሸት ነው" ልል አፌን ከፈትኩ። ውሸት ከሆነ ግን የት ይሄዳል ይሉኛል። አንገቴን ደፋሁ። በፀጉር ቤት ዝምታ ፊርማ ነው።

ማታ ለሩሽዲ ስነግረው እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

"ቆንጆ ናት?"

"ከእኔ ትቀጥናለች አሉ።"

ከዚያ መሳቁን ተወ። "ይህ እኮ ጥሩ ነው ሱሄይላ።"

"ለማን?"

እጄን ያዘ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 10

ፊት ለፊት ካለው አጥር ላይ ሌሊቱን በቀይ ቀለም ስም ተጽፎ አደረ፤ እንዲህ የሚጻፈው የእኛዎቹ ከሃዲ ብለው ሞት የፈረዱበት ሰው ስም ነው። በየጠዋቱ መጀመሪያ የማየው ያን አጥር ነው። ስሙ የሩሽዲ አይደለም፤ የጎማ ነጋዴው ነው። አራት ልጆች አሉት።

ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ብዬ ጻፍኩ፤ አልሰርዘውም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 12

ጀዋድ መጣ። አልተቀመጠም።

"ከአንቺ አፍ መስማት ሲገባኝ ከሳሙና ደንበኞቼ ሰማሁ" አለ። ሳሙና ወደ አማን የሚነግደው እሱ ነው፤ ድልድዩን በየወሩ ይሻገራል። "ልጄን የቀበርኩት አንሶ እህቴ መሳቂያ ትሁን?"

"ጀዋድ፣ የእኔና የእሱ ጉዳይ ነው።"

"የአባታችን ቤት ጉዳይ ነው። ነገ ከጸሎት በኋላ ሐጅ ሙስባሕንና ሽማግሌዎቹን ይዤ እመጣለሁ። ድልድዩን ሁለተኛ እንዳይሻገር በቁርአን ይምላል። አለበለዚያ ዝምድናችን አበቃ።"

ሩሽዲ ደግሞ የሚሄደው በወሩ ሃያ ሦስት ነው። ከማለ፣ አይሄድም፤ በቁርአን ምሎ የሚያፈርስ ሰው አይደለም። ካልማለ ጀዋድ አማን ወርዶ ሴትዮዋን ይፈልጋል። ሴትዮዋ የለችም። ያን ጊዜ ምን ይፈልጋል?

ዓርብ፣ ኖቬምበር 13

ስምንት ሆነው መጡ፤ ከሩሽዲ ጋር ዘጠኝ። ሳሎን ውስጥ በዕድሜያቸው ተራ ተቀመጡ። ቡናውን አቀረብኩና ማድቤት ገብቼ በሩን ገርበብ አደረግኩ።

ማንም ስኒውን አልነካም። ሐጅ ሙስባሕ የእሳቸውን ወለሉ ላይ፣ እግራቸው ሥር አስቀመጡት። የመጡበት ጉዳይ እሺ ካልተባለ አይጠጡም፤ ቡናው እንደቀዘቀዘ ከወጡ ደግሞ ሁለቱ ቤቶች በልቅሶ እንኳ አይገናኙም።

"አቡ ሉብና" አሉ፣ በሴት ልጃችን አባትነቱ ጠርተውት፤ "የሰው ልጅ አግብተሃል፤ ሃይማኖት ይፈቅድልሃል። በድብቅ ግን አይፈቅድልህም። የመጣነው አንድ ቃል ልንወስድ ነው።"

"ሐጅ፣ ቤቴ ቤትዎ ነው" አለ ሩሽዲ።

"ድልድዩን አልሻገርም በል። ማልልን።"

ሩሽዲ ቁርአኑን አየ፤ እጁን ግን አልዘረጋም።

"ሚስት የለኝም በልና ማልልን እንግዲያው" አለ ጀዋድ። "የለችም በል። እኔም ይቅርታ ጠይቄህ እወጣለሁ። ከዚያ የት እንደምትሄድ ትነግረናለህ።"

በበሩ ክፍተት የሩሽዲን እጅ አየሁት፤ ጉልበቱ ላይ ነበር፣ ጣቶቹ አንድ በአንድ ይነሳሉ ይወርዳሉ። ቁርአኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከስኒዎቹ የሚወጣው እንፋሎት ቆሟል።

ሴት በእንዲህ ያለ ጉባኤ አትገባም። ገባሁ።

"ሐጅ፣ ቡናው ይጠጣ። ከሳሽ የለም" አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር። "ያጨሁለት እኔ ነኝ።"

ጀዋድ ብድግ አለ። "ምን አልሽ?"

"እኔ ነኝ አግባ ያልኩት።"

"ልጄ፣ በፈቃድሽ?" አሉ ሐጅ ሙስባሕ።

"በፈቃዴ።"

"ለምን?"

"ወንድ ልጅ አላሳደግኩለትም።"

ይህን ቃል ሃያ ዓመት ማንም ከአፌ ሰምቶት አያውቅም። ሩሽዲ ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱን ልጽፈው አልችልም። የወለድነው ወንድ ልጅ ሰባት ቀን ነው በሕይወት የቆየልን፤ ስም እንኳ አላወጣንለትም ነበር። ዛሬ እሱን ለምን ተጠቀምኩበት? ሌላ ሰበብ ጠፍቶኝ ነው? ሌላ ሰበብ ጠፍቶኝ ነው።

ሐጅ ሙስባሕ ስኒያቸውን ከወለሉ አነሱና በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ሌሎቹም ጠጡ። ኋላ ዘጠኝ ስኒ አጠብኩ። አንዱ እስከ አፉ ሙሉ ነበር፤ የጀዋድ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 14

አማቴ ከደረጃው ሥር ሆነው፣ "እኔ ሳልጠየቅ ምራት አስመጣሽብኝ" አሉ። ከመግባታቸው በፊት ደግሞ፣ "ሩዝ በወይን ቅጠል መጠቅለል ትችላለች?" አሉ።

"ከእኔ የተሻለ" አልኳቸው።

"ከአንቺማ ማን አይሻል።"

ሰኞ፣ ኖቬምበር 23

ሄደ። እሑድ ይመለሳል። ስልክ ቁጥር ስጠኝ ብዬው ነበር። "ባታውቂው ይሻልሻል" አለኝ። በር ላይ ጀርባዬን ሁለቴ መታ መታ አደረገ፤ እንዲህ የሚያደርገው ሲፈራ ነው። የፈራ መሆኑን የማውቅ አልመሰልኩም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 25

ነጩ መኪና ዛሬ የለም። መኖሩ ያስፈራኝ ነበር፤ አለመኖሩ ባሰ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 29

አልመጣም።

ድልድዩ ላይ ሰልፍ ይኖራል።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 30

አልመጣም።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 1

ሂያም፣ "ሙሽራ እኮ ነው፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አለችኝ። "ሲጠግባት ይመጣል።" ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ እንዲያውም ለሐዘኔ ብላ የምስር ሾርባ በድስት ልካለች።

ባሌ ጠፋ ብዬ የት ልጩህ? ቀይ መስቀል ብሄድ የት ነው የሄደው ይሉኛል። አገር ሁሉ የት እንዳለ ያውቃል፤ የኢርቢዷ አስተማሪ ጋ ነው። በገዛ አፌ፣ በሽማግሌ ፊት፣ ቡና አስጠጥቼ አጽድቄዋለሁ። ሰው ከሞተ እንኳ ሬሳው ይፈለጋል። የእኔን ባል የሚፈልገው የለም።

የውሸቱን ጨርቅ የሸመንኩት ራሴ ነኝ። ሰፊ አድርጌ። እሱን ከነካርታው ሸፍኖ ተረፈ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 2

ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ሱቆቹ ለአድማው ተዘግተዋል። ሬዲዮ፦ በወዲያ በኩል አንድ ጡረተኛ ፕሮፌሰር ከተከለከሉ ሰዎች ጋር ተገናኝተዋል ተብለው ለምርመራ ተወስደዋል። ስም አልተጠቀሰም።

አስም አለበት። ደረጃ ሲወርድ ይደገፋል።

ድልድዩን ከተሻገሩት ውስጥ ማንን ያዙ? ወይስ ሩሽዲን ቀድመው ያገኙት የእኛዎቹ ናቸው? አጥሩን ዛሬ ስድስት ጊዜ አየሁት። ባዶ ነው። ባዶ ነው።

ሊፈልግልኝ ከሚችል ሰው የመሻገሪያ ፈቃድ በኪሱ ያለው አንድ ብቻ ነው። ከሁሉ አብልጬ የፈራሁትም እሱኑ ነው።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 3

ጠዋት ጀዋድ መጋዘን ሄድኩ። ሳሙናውን በካርቶን ይደረድራል። ሦስት ሳምንት አልተነጋገርንም። ቀና አላለም።

"ባልሽ ሙሽርነቱን ጨረሰ?"

"ሙሽራ የለችም" አልኩት።

እጁ ካርቶኑ ላይ ቆመ። በሩን ዘጋሁና ሁሉንም ነገርኩት፤ ዙሩን፣ ፕሮፌሰሩን፣ ጥርሱን፣ ሬዲዮውን። ቆሜ ነው የነገርኩት፤ እንዲያባርረኝ በር አጠገብ ቆሜ። ጀዋድ ሳሙና ክምሩ ላይ ተቀመጠ።

"ከእነሱ ጋር ዓሣ በላ" አለ።

"በላ።"

"ስለ ሳሚህ አነሳ?"

ልዋሽለት እችል ነበር። ስንት ጊዜ ዋሽቻለሁ በዚህ ወር? "አላነሳም። ስለ ውሃ ነው የሚያወሩት" አልኩት።

"ውሃ።"

"ጉድጓድ። ማን ምን ያህል ይቅዳ።"

ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። መዳፉ ላይ የሳሙና ዱቄት ነበር፤ ሽፋሽፍቱ ነጣ። "ወንድሜም ቢሆን ደጄን አይርገጥ ስል እሱ መሰላል ላይ ነበር" አለ።

"ነበር።"

"ደርሶ ከመጣ የምለው አለኝ። ለእሱ የምለው ብዙ አለኝ። አሁን እንኳ ደሜ ፈልቷል፤ አንቺም እዚያ አትቁሚ።" ተነሳና ከምስማር ላይ ጃኬቱን አወረደ። ፈቃዱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ቀኑን አየ። እስከ ወሩ መጨረሻ ይሠራል። "ድልድዩ ላይ የት ነው ብዬ ልጠይቅ? በምን ስም?"

"እኔ እንጃ ጀዋድ።"

"እኔ አውቃለሁ። የመጀመሪያ ሚስቱ ወንድም ነኝ። እህቴን ጥሎ የጠፋውን አማች አንቄ ላመጣ ነው የመጣሁት። ወታደሩም ይስቅብኛል፣ የአማኑም ፖሊስ ይስቅብኛል፤ እየሳቁ ያያችሁት አለ ወይ ስላቸው ይነግሩኛል።"

አለቀስኩ። ጀዋድ ለቅሶ አይወድም፤ ፊቱን አዙሮ ቁልፉን ፈለገ። እንደ ሁልጊዜው በውሃ ለጥ አድርጎ የተበጠረ ፀጉሩን አየሁት። ጸብ የሚሄድ ሰው እንዲህ አይበጠርም። ጠጋ ብዬ በሁለት እጄ አንጨባረርኩበት፤ የላይኛውን ቁልፉንም ፈታሁ። ልጅ ሳለን እንኳ ፀጉሩን አስነክቶ አያውቅም። ዛሬ ቆመልኝ።

"የተናደደ እመስላለሁ?" አለኝ።

"መምሰል አያስፈልግህም" አልኩት።